የተቆጣ ፊትን ማብረድ፦ ከጎንደር ጓዳና ከሕንድ አዩርቬዳ

የእህቴ ልጅ ሠርግ እሁድ ነበር። ዐርብ ማታ ሽበቴን በጥቁር ቀለም አጠቆርኩ። እሁድ ጎህ ሲቀድ የዐይኔ ቆብ እንደ ኩፍ ያለ ሊጥ ተነፍቶ፣ ግንባሬና የጆሮዬ ሥር ውኃ በቋጠረ ጥቃቅን ሽፍታ ተወርሮ ነቃሁ። ጎንደር ውስጥ ፊቱ ያበጠ ሰው መድኃኒት አያጣም። አንዷ ዘመድ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ። ሌላዋ ፌጦ በሎሚ ለውሳ መጣች። ሦስተኛዋ ከቦርሳዋ ግማሹ ያለቀ የቅባት ቱቦ አውጥታ «ለእኔ በአንድ ሌሊት ነው ያጠፋልኝ» አለች። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሦስቱንም ተቀብቼ ነበር። በሠርጉ ፎቶ ላይ እስከ አፍንጫዋ በነጠላ ተሸፍና የቆመችው ሴት እኔ ነኝ።

ፊቴ ወደ ነበረበት እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። መንገዱን ያሳዩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የቆዳ ሐኪም፣ ሁለተኛዋ በጉርብትና የምናውቃት ሕንዳዊት መምህርት። እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ የመጀመሪያ ቃላቸው ግን አንድ ነበር፦ ሌላ ነገር ከመቀባትሽ በፊት የምትቀቢውን አቁሚ። አዩርቬዳ የሚባለው የሕንድ ጥንታዊ ባህላዊ ሕክምና ይህን «ኒዳና ፓሪቫርጃና» ይለዋል፤ መንስኤውን መራቅ ማለት ነው። ከቅጠሉም ከቅባቱም አስቀድሞ የሚታዘዘው እርሱ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራርም ያንኑ ቅደም ተከተል ይዟል።

ቤት ውስጥ የማይታከም ፊት

ከንፈር፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ራስ ካዞረ፣ ወይም ሽፍታው ከትውከት ጋር ከመጣ ማንበቡን ትተው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ቆዳዎ ከተላጠ ወይም አፍዎና ዐይንዎ ከቆሰለም እንዲሁ ነው። ትኩሳት፣ መግል፣ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት፣ የዐይን ሕመም ወይም የእይታ መደብዘዝ ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። በአንድ ወገን ብቻ የሚወጣና የሚያቃጥል ውኃ የቋጠረ ሽፍታ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል፤ በዐይን አካባቢ ሲሆን ዐይንን ይጎዳልና ማደር የለበትም። የጨቅላ ሕፃን ፊትም የጓዳ መሞከሪያ አይደለም።

አንድ፦ ሰዓቱን ይቁጠሩ

እኛ ዘንድ ፊት ላይ የወጣ ነገር ሁሉ «ምች መታው» ይባላል። ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል፣ ፀሐይ የለበለበው ቆዳ፣ የቅባት አለርጂ፣ ሁሉም ምች ነው። ስሙ አንድ ሆነ ማለት ግን መፍትሔው አንድ ነው ማለት አይደለም። ለመለየት ከሁሉ የሚቀልለው ሽፍታው የወጣበትን ሰዓት ማስላት ነው።

አንድ ነገር በበሉ ወይም በነኩ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደ ትንኝ ንክሻ አብጦ የሚያሳክክ፣ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወርና እያንዳንዱ እብጠት በ24 ሰዓት ውስጥ ምልክት ሳይተው የሚጠፋ ሽፍታ የአለርጂ እብጠት ነው። የአዩርቬዳ ሐኪሞች ለዚህ ቅርብ የሆነውን «ሺታፒታ» ይሉታል። ነገሩ ቆዳን ከነካ ከ1 እስከ 3 ቀን ዘግይቶ የሚወጣ፣ በቦታው ተተክሎ የሚቀይ፣ የሚያዠና የሚፈረፈር ከሆነ ደግሞ የንክኪ አለርጂ ነው። የእኔ ከዐርብ ማታ እስከ እሁድ ጠዋት የፈጀው ለዚህ ነው። በብዙ ጥቁር የፀጉር ቀለሞች ውስጥ ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የሚቀባው የራስ ቆዳ ላይ ሆኖ ሳለ የሚያብጠው የዐይን ቆብ ነው፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ። ሲነካ ወዲያው የሚያቃጥል ነገር ግን ብዙውን ጊዜ አለርጂ አይደለም፤ ቆዳውን በቀጥታ ጎድቶታል። ፌጦው ያደረገኝ ይህን ነው።

ጠርዙ ከፍ ብሎ መሐሉ የጠራ ክብ ካዩ ጭርት ይጠርጥሩ። ጭርት ፈንገስ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ቅባቶች አያድኑትም። ከልጅነት ጀምሮ እየሄደ የሚመለስ ከሆነ ችፌ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ ማቀዝቀዙና ማለስለሱ ይጠቅማል፣ ሐኪሙ ግን አይቀርም።

ሁለት፦ ፊትዎን ሁለት ሳምንት ያስጹሙ

ጾም እናውቃለን፤ ፊትም ይጹም። ለ14 ቀን ውኃና አንድ መዓዛ የሌለው ማለስለሻ ብቻ ይፈቀድለታል። መዓዛ ያለው ሳሙና፣ ሎሽን፣ ሜካፕ፣ የፀጉር ዘይት፣ ሽቶ ሁሉ ይቁም። የተለመደው ደረቅ ሳሙና በራሱ ችግር ነው፤ ጤነኛ ቆዳ በትንሹ አሲዳማ ሲሆን ሳሙናው ግን በአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) 9 እና 10 ይደርሳል፤ ይህ የአሲድ ተቃራኒው ወገን ነው።

እስከዚህ ድረስ የሚከራከረኝ የለም። ጠቡ የሚነሣው «ተፈጥሯዊ ነው» ወደምንለው ስንሻገር ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ዝም አልልም።

ጤና አዳም ለቡና እንጂ ለፊት አይሆንም። ጭማቂው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ይለበልባል፤ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲድንም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ሎሚም የዚያው ወገን ነው፤ አሲድነቱ ደግሞ በላዩ ይጨመራል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ሲያስቡት፣ ሎሚ ተቀብቶ በፋሲል ግንብ ዙሪያ በቀትር መሄድ ምን እንደሆነ ይገባዎታል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ፀሐይም አያስፈልጋቸውም፤ ብቻቸውን ያቃጥላሉ። ዳማከሴን ለጉንፋን ለሚያሸትቱት አልከለክልም፤ የቆሰለ ቆዳ ላይ ግን ያልታጠበ ቅጠል ጭማቂ አይፈስስም።

የፀጉር ቅቤም ይታሰብበት። አናት ላይ የተደረገ ቅቤ ፀሐይ ሲመታው ወደ ግንባርና ወደ ቅንድብ ይወርዳል። ኮሰረት፣ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት የገባበት የወጥ ቅቤ ከሆነ ቅመሙም አብሮ ይወርዳል። ነጠላዎን በእንዶድ የሚያጥቡ ደግሞ ደጋግመው ያለቅልቁት፤ የእንዶድ አረፋ ቆዳንና ዐይንን ይቆጣል፣ ነጠላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጉንጭን የሚነካ ልብስ ነው። ጢስም አለ፦ እጣን፣ ወይራ፣ ከሰል። ቡና ይቅርብዎት የሚል ጎንደር ውስጥ ሰሚ አያገኝም፤ እኔም አልልም። በር አጠገብ ይቀመጡ።

ጠበል የሚሄዱም ይሂዱ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ የተቆጣ ቆዳን አይጎዳም። እምነቱን ግን ሽፍታው በቆሰለበት ላይ ሳይሆን ጤነኛው ቆዳ ላይ ይቀቡ፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትም አያቋርጡ።

ሦስት፦ ያቀዝቅዙ

አንድ ሊትር ውኃ አፍልተው ያቀዝቅዙ። ከአሮጌ ንጹሕ ነጠላ አንድ ክንድ ያህል ቀድደው እንደገና ይጠቡትና በውኃው ነክረው እስከማይንጠባጠብ ይጭመቁት። ፊትዎ ላይ ለ10 ደቂቃ ያሳርፉ፤ ሲሞቅ እንደገና ይንከሩት። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይበቃል። የሚያዥ ሽፍታ በዚህ ብቻ ሲደርቅ አይቻለሁ። በረዶ በቀጥታ አያስነኩ፤ ሙቅ ውኃም ለጊዜው ማሳከኩን ያስረሳል እንጂ ቆየት ብሎ ዕጥፍ አድርጎ ይመልሰዋል።

ማሳከኩ ካልበረደ አጃ ይጨምሩ። ይህ የአያቶች ብልሃት ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በደንብ የደቀቀ አጃን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆዳ መከላከያ አድርጎ ተቀብሎታል። ከቅዳሜ ገበያ ያልተቆላ አጃ ገዝተው ይልቀሙ፣ ይጠቡ፣ በፀሐይ ያድርቁ። ወፍጮ ቤት ግን አይውሰዱት። ከእርስዎ በፊት የማን በርበሬ እንደተፈጨ አያውቁም፤ እኔ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ወስጄዋለሁ። ቤት ውስጥ በንጹሕ መፍጫ አድቅቀው በወንፊት ይንፉት። መድቀቁን ለማወቅ አንድ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጨምሩና ያማስሉ፤ ውኃው ወተት ከመሰለ ደርሷል፣ ከሥር ከዘቀጠ እንደገና ይፈጭ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ በጥብጠው ጨርቁን በእርሱ ይንከሩ። ሲጨርሱ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው በፎጣ መታ መታ እያደረጉ ያድርቁ፤ መፈግፈግ የለም።

አራት፦ ያለስልሱ

ፊትዎ ገና እርጥብ እያለ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ በስሱ ይቀቡ። ከሁሉ የሚቀለውና የሚረክሰው መዓዛ የሌለው ቫዝሊን ነው፤ አለርጂ የሚሆንበት ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ዘይት የሚመርጡ የተጣራ የሱፍ ዘይት ይውሰዱ። የወይራ ዘይት የተከበረ ስም ቢኖረውም በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የቆዳን መከላከያ ሽፋን እንደሚያዳክም፣ የሱፍ ዘይት ግን እንደማያዳክም አሳይቷል።

ከአዩርቬዳ የወደድኩት አንድ ነገር እዚህ ይገባል። ስሙ «ሻታ ዳውታ ግሪታ» ነው፤ ሲተረጎም መቶ ጊዜ የታጠበ ንጥር ቅቤ። መምህርቷ ስትነግረኝ «ቅቤማ የእኛ ነው» ብዬ ነበር። የእኛ ንጥር ግን ቅመም የበላ ነው፤ የእነርሱ ባዶውን ነው።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ለጋ ቅቤ ያለ ምንም ቅመም በዝግታ ያንጥሩ። አረፋውን ይግፈፉ፤ ጥርት ያለውን ብቻ ወደ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን አጥልለው ዝቃጩን ይድፉ። ረጋ ማለት ሲጀምር ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በቅቤው ልክ ይጨምሩ። እጅዎን በደንብ ታጥበው፣ ቀለበት አውልቀው፣ በመዳፍዎ አንድ ደቂቃ ያህል በክብ እያሹ ያማስሉት፤ ውኃውን ያፍስሱ። ይህ አንድ ነው። ዘጠና ዘጠኝ ይቀራል።

እኔ አንድ መቶ የሽንብራ ፍሬ ቆጥሬ ከግራ ጎድጓዳ ወደ ቀኝ እያዛወርኩ ነው የሠራሁት፤ ያለዚያ ሠላሳዎቹ ላይ ቁጥሩ ይጠፋል። ወደ ሃያኛው ላይ ቢጫነቱ መሸሽ ጀመረ። ሃምሳ ላይ እንደተመታ እንቁላል ነጭ ቀለል አለ። ሰማንያ ካለፈ በኋላ የቅቤ ሽታው የለም፣ ጣት ሲነካው አይቀባም፣ ይሰወራል። የጥንቱ አሠራር በመዳብ ሳህን ነው ይላል፤ የእኔ የብርጭቆ ሳህን ነበር። ክንዴ ሁለት ቀን አመመኝ። ፊቴ ግን ቫዝሊን ሲቀባ የሚሰማውን ከባድነት ሳይሰማው ለሰለሰ።

ውኃ ስላዘለ ቶሎ ይበላሻል፤ ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡና ከአንድ ሳምንት በላይ አያቆዩት፤ በማንኪያ እንጂ በጣት አይዝገኑት። ብጉር የሚበዛበት ፊት፣ መግል የያዘ ቁስልና የወተት አለርጂ ያለበት ሰው ይለፈው። በጾም ወራት ቅቤ ገላቸውን የማያስነኩ ብዙዎች ናቸው፤ ለእነርሱ የሱፍ ዘይቱ አለ።

አምስት፦ የሕንድ ቅጠሎች በወንፊት

አዩርቬዳ ሰውነትን ቫታ፣ ፒታና ካፋ በሚባሉ ሦስት ኃይሎች ይገልጻል፤ የሚቀላና የሚያቃጥል ቆዳ በአብዛኛው የፒታ፣ የሙቀቱ ወገን ተደርጎ ይታያል። ስለዚህ የሚመርጣቸው ነገሮች የሚያቀዘቅዙ ናቸው። ሁሉንም አልመክርም።

እሬት ጥሩ ነው፣ አቆራረጡን ላወቀ። ቅጠሉን ቆርጠው ለ15 ደቂቃ አቁመው ያስደግፉት፤ ቢጫው መራራ ፈሳሽ ይውረድ፤ የሚቆጣው እርሱ ነው። ከዚያ ልጣጩን ገፍፈው ብርሃን የሚያሳልፈውን ውስጡን ብቻ አጥበው ይጠቀሙ።

እርድ ወጥ ውስጥ ይቆይ። ፊትን ቢጫ አድርጎ ከመተውም አልፎ በራሱ የንክኪ አለርጂ ያመጣል። ሰንደል ደግሞ በአዩርቬዳ መጻሕፍት የተጠቀሰው የዛፉ እንጨት ዱቄት ነው፤ ከሱቅ የምንገዛውን የሚጨስ ሰንደል ወቅጦ ፊቱ ላይ የለጠፈ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም። እውነተኛውም ቢሆን መዓዛ ነው፤ መዓዛ ደግሞ ከታወቁት የፊት አለርጂ መንስኤዎች አንዱ ነው። ኒም በመተማና በሁመራ ቆላ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ተፈልቶ የቀዘቀዘበት ውኃ መታጠቢያ ይሆናል፣ ጆሮ ሥር ከተሞከረ በኋላ። ዘይቱን ግን ማንም አይጠጣው፣ ለሕፃን በጠብታም ቢሆን አይሰጥ፤ በዚያ ራሳቸውን ስተው የተንቀጠቀጡ ሕፃናት በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል።

የሚዋጥ የአዩርቬዳ ክኒንና ዱቄት ሰው ከሕንድ ቢያመጣልዎ እንኳን ይተዉት። በ2004 እ.ኤ.አ. ቦስተን አካባቢ ከሚሸጡ 70 ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኝቷል።

ከሚጠጣው ድንብላልን እፈቅዳለሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፍሬ ገርደፍ አድርጎ በአንድ ኩባያ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ጠዋት አጥልሎ መጠጣት። መድኃኒት አድርጌ አልቆጥረውም፤ ደስ የሚል ውኃ ነው። ምግብን በተመለከተ ደግሞ ሰው ስለነገረዎት ብቻ አምስት ዓይነት አይቁረጡ። ምግቡ ጥፋተኛ ከሆነ በበሉ ቁጥር በሁለት ሰዓት ውስጥ ይናገራል። የአለርጂ እብጠት የሚወጣብዎት ከሆነ ግን ጠላና አረቄ፣ እንዲሁም አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ሊያባብሱት ይችላሉ።

ስድስት፦ ፋርማሲ ሲገቡ

ያች የዘመዴ ቱቦ ጠንካራ ስቴሮይድ ኖሯል። በእርግጥም በአንድ ሌሊት መቅላቱን አጠፋው፤ በአራተኛው ቀን ስተወው ፊቴ እንደ ቃሪያ ነደደ። ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል የሚባሉት ስቴሮይዶች ፊት ላይ በራስ ፈቃድ አይቀቡም፤ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ደም ሥር ያወጣሉ፣ ብጉር የመሰለ ሽፍታ ያመጣሉ፣ ጭርትንም ሸፍነው ያስፋፋሉ። ለማቅያነት ለወራት ሲቀቡ የቆዩ ከሆነ በራስዎ በድንገት ከማቋረጥዎ በፊት ለሐኪም ይናገሩ። ባለሙያ ካዘዘ ቀለል ያለው ስቴሮይድ፣ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ለጥቂት ቀናት ይበቃል። ለአለርጂ እብጠት ሴቲሪዚን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ይረዳል፤ እንቅልፍ ሊያመጣ ይችላልና መኪና የሚያሽከረክሩ ይጠንቀቁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተሻለ የቆዳ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ የተጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ሁሉ በፌስታል ይዘው።

ሰባት፦ ጥፋተኛውን ፈልገው ያግኙ

ፊቱ ከጠራ በኋላ አንድ ደብተር ይያዙ። ጠዋት ምን ተቀባ፣ ምን ታጠበ፣ የት ተዋለ፣ ምን ተከተፈ። ሽፍታው የወጣበት ቦታ ራሱ ይናገራል፦ የጆሮ ጫፍ ከሆነ የጉትቻ ኒኬል፣ አፍንጫ ድልድይ ከሆነ የመነጽር ብረት፣ የዐይን ቆብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከእጅ የመጣ ነው፤ የጥፍር ቀለም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። ፊት፣ ዐይን ቆብና አንገት ከአረም በኋላ የሚቆጣበት ገበሬ ቅንጬ አረምን ይጠርጥር፤ ሕንድ ውስጥ ፓርቴኒየም እየተባለ የሚታወቀው ይኸው አረም በአየር ብቻ ደርሶ የፊት አለርጂ በማምጣት ስሙ የከፋ ነው።

ያቆሟቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ ይመልሱ። አንዱን መርጠው በክንድዎ መታጠፊያ ወይም ከጆሮ ኋላ የሳንቲም ያህል ቦታ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ይቀቡ። ምንም ካልወጣ ወደ ፊት ይለፍ፤ ከዚያ ቀጣዩ። የሚታጠብ ነገር፣ እንደ ሳሙናና ሻምፑ፣ በዚህ መንገድ አይሞከርም፤ ተቀብቶ ሲቆይ ማንንም ያቃጥላል።

የፀጉር ቀለም ግን ከዚህ ሙከራ ውጭ ነው። አንድ ጊዜ የተቆጣው ሰው ከዓመታት በኋላም ይቆጣዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከፊተኛው ብሶ። ፀጉር ቤት ሲገቡ አስቀድመው ይናገሩ። ለሙሽራ እጅ «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚቀርበውም ብዙ ጊዜ ያንኑ ንጥረ ነገር ይይዛል፤ ንጹሕ ሂና ወደ ቀይ እንጂ ወደ ጥቁር አይሄድም። በጥር የጎረቤት ልጅ ትዳራለች። ሻሽ ገዝቻለሁ።